ሽታ የሌለው ጋዝ

ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም፤ ቢመክረኝም የምሰማ አልነበርሁም። ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ላይ ባቄላና አተር ከገበሬ እየሰበሰብሁ ለደብረ ታቦር ነጋዴ ማሻገር ጀምሬ፣ እጄ ትንሽ ሲረጥብ የተመኘሁት አንድ ነገር ነበር፤ ብርድ የማይገባበት ቤት። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ምኞት ያውቀዋል። እኔ ያደግሁት ነፋሱ በእግር ገብቶ በጆሮ በሚወጣበት ጭቃ ቤት ነው። ስለዚህ የዳገቱን ጎን በዶማ አስቆርጬ ቤቱን ወደ ውስጥ አስገባሁት። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኝታ። የመኝታው ሦስት ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ ጀርባ አፈር ነው፤ ወለሉ ያው እግዜር ያነጠፈው አለት ነው። መስኮት አላስወጣሁለትም። ግንበኛው፣ «ኧረ አንዲት ቀዳዳ እንኳ እንተውለት» ቢለኝ፣ «ቀዳዳ ካማረህ ወንፊት ሥራ» አልሁት። በቦታው የነበረ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ብልህ የሆንሁ መሰለኝ።

እውነትም ቤቱ ብርድ አያውቅም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ የመኝታውን በር ትዘጋና፣ «እስቲ ዝም በሉ፤ ነፋስ ትሰማላችሁ?» ትላለች። አይሰማም። ያለችን አንዲት ልጅ የተወለደችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ አራት ዓመት የተኛችውም እዚያው፣ ከግድግዳው ሥር ነው።

ባለቤቴ ሳል የጀመራት በዐቢይ ጾም ነበር። መጀመሪያ የጾም ነው አልን፤ ጾሙ ተፈታ፣ ሳሉ አልተፈታም። ጤና ጣቢያ አክታዋን አዩና የሳንባ ነቀርሳ አይደለም አሏት፤ ደስ አለን። ኪኒን ሰጧት፤ ጨረሰችው። ማር፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጠበል፣ ሁሉም በየተራው መጣ፤ ሁሉም በየተራው ሄደ። ቀሚሷ ሁለት ሴት የሚይዝ ሲሆን ይዣት ባሕር ዳር ወረድሁ።

እዚያ ደረቷን በትልቁ መሣሪያ አነሷት። አንድ ወጣት ሐኪም እሷን ውጭ አስቀምጦ እኔን ለብቻዬ አስገባኝ። ለብቻ ሲያስገቡ ምን እንደሚባል ማንም ያውቀዋል። ካንሰር ነው፣ ከሳንባ አልፎ ሄዷል አለኝ። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«እሷ? ዶክተር፣ ባለቤቴ እንኳን ልታጨስ፣ የሚያጨስ ሰው ሰላም ሲላት ፊቷን ታዞራለች።»

«የምድጃ ጭስስ?»

«ጭስማ የማን ቤት የለም?»

«የሚተኙበት ክፍልስ እንዴት ነው? ነፋስ መውጫ አለው?»

«ነፋስ መውጫማ ትናንት አልፈነው መጣን። መኪናው ቁርስ የቆመውም እዚያው ነው።»

ልጁ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። እኔም አየሁት። ለጋይንት ሰው ነፋስ መውጫ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ የሚቆምበት፣ ሰው የሚወርድበት። የቤት ነፋስ መውጫ ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ግድግዳውን በእጁ ሲያሳየኝ ነው። «እሱስ የለውም» አልሁት፤ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ነገርሁት። የኩራት ወግ አድርጌ ስጀምረው ፊቱ እየጠቆረ ሄደ፤ ወንፊቱ ላይ ስደርስ እኔም ድምፄን ቀነስሁ።

«አባት» አለኝ፣ «ከመሬትና ከድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ጋዝ አለ። ራዶን ይባላል። አይታይም፤ አይሸትም። ሜዳ ላይ ሲወጣ ነፋስ ይበትነዋል። እንዲህ ባለ የተዘጋ ቤት ግን ሊጠራቀም ይችላል። ብዙ ዓመት ሲተነፍሱት ሳንባ ይጎዳል።»

«ዶክተር፣ እኔ ከባቄላ በፊት ጋዝ በጣሳ ሰፍሬ ስሸጥ ነው የኖርሁት። ሽታ የሌለው ጋዝ እንኳን ሰው ሊገድል ኩራዝም አያበራ።»

«የኩራዙን አይደለም የምልዎት። እንደ አየር ያለ ነው።»

«እና እሷን የያዛት ይኸው ነው?»

«አላውቅም። ጭሱም ሊሆን ይችላል። ያለ ምንም ምክንያትም ይመጣል። ቤቱ ካልተለካ ጋዙ ይኑር አይኑር ማወቅ አይቻልም፤ ቢለካም በሽታው ከዚያ መጣ ብሎ መማል አይቻልም።»

«ማን ነው የሚለካው?»

ዕቃው የሌለው ነጋዴ መደርደሪያውን ያያል። ልጁም የጠረጴዛውን መሳቢያ አየ። «የሚለካ ሰው ለጊዜው አላውቅም፤ እጠይቅልዎታለሁ» ብሎ ስልኩን ጻፈልኝ። «እስከዚያው ቤቱን ክፈቱት፤ አየር ይግባበት።» ለእሷ ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ። ሌላ የሚሰጠው አልነበረውም፤ አልዋሸኝምም።

አውቶቡስ ውስጥ ባለቤቴ፣ «ሐኪሙ ምን አለህ?» አለችኝ። ስለ እሷ ከማውራት ስለ ቤቱ ማውራት ቀለለኝና ስለ ጋዙ ነገርኋት። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በመስኮቱ መንገዱን ታይ ነበር። ከዚያ፣

«ልጅቱስ?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

ልጅቱ መልስ ስታጣ የማትተኛ ናት፤ ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር በስልኳ ትፈልግ ጀመር። አንድ ቀን እኔ ሱቅ ሆኜ፣ «አባዬ፣ አገኘሁት!» ብላ እየሮጠች መጣች። የሳሙና ሳጥን የምታህል ነጭ ነገር ሥዕል አሳየችኝ። የጋዝ መለኪያ ናት፤ ቤት ውስጥ ታስቀምጣታለህ፤ ከሰነበተች በኋላ ወደ ላኳት ሰዎች ትመለስና የጋዙን ልክ በቁጥር ይነግሩሃል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ልጅቱ በጣቷ እየተከተለች ትተረጉምልኛለች።

«ለአካባቢዎ ቢሮ ይደውሉ ይላል።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ወይም ደግሞ... በአቅራቢያዎ ካለ ሱቅ ይግዙ።»

ተያየን። በአቅራቢያችን ያለው ሱቅ የእኔ ነው። ሳሙና አለ፣ ጨው አለ፣ ክብሪት አለ፣ የቻይና ባትሪ አለ። ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ እኔም ተከተልሁ። ከኋላ ክፍል ባለቤቴ ሳቃችንን ሰምታ ልትስቅ ብላ ሳል ያዛት፤ ያን ጊዜ አቆምን።

ለአካባቢዎ ቢሮ የተባለውን ደግሞ ልሞክር ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሌላውም ቢሆን ከዚያ አይሻልም ነበር። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል፣ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

«ቤቴ ውስጥ ጋዝ አለ መሰለኝ፤ ላስለካ ነው።»

«የምን ጋዝ?»

«ከመሬት የሚወጣ።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋና ወንበር ሳበልኝ። «ይቀመጡ እንጂ» አለኝ። ከአንተ ወደ እርስዎ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ያለፍሁበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ አንድ ነገር እንደተበላሸ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

«ለማን ተናገሩ?»

«ለሐኪም።»

«ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ። ከመሬት በታች ያለ ሀብት የመንግሥት ነው፤ ሥርዓት አለው።»

«ጌታዬ፣ ሀብት አይደለም። ሚስቴን የሚገድል ጋዝ ነው።»

«እሱ እኮ ጥራቱን ነው የሚያሳየው» አለኝ።

ያን ሁሉ ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ ብሎኝ፣ በሳምንቱ ገበያ ላይ የእኔን ቤት ጋዝ ያልሰማ አህያ እንኳ አልነበረም። ከቤቴ ሥር ነጭ ጋዝ ፈልቋል ተባለ። ለዓመታት በሚዛን ሲጨቀጭቀኝ የኖረ ገበሬ ከሩቅ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። አንዷ ጎረቤት የዘይት ጠርሙስ በነጠላዋ ሸፍና መጣች፤ «ጋሼ፣ ለኩራዝ የምትሆን ትንሽ ብቻ፤ ለማንም አልናገርም።» አይሸትም እኮ ብላት፣ «ታዲያ ምነው እኛ የምንገዛው እንዲህ በሆነ!» አለች። ደላላም መጣ። ቤቱን ከነዳገቱ የሚገዛ ሰው አለኝ አለ።

ለመሸጥ አልከጀልሁም ብል ይህን ሁሉ የጻፍሁት በከንቱ ነው። ከጅያለሁ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ነገር ነበር፤ ከቤቱ እንወጣለን፣ ሌላም ቤት እንሠራለን። ባለቤቴን ሳማክራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «የገዢው ልጆች የት ሊተኙ ነው?» አለች። ደላላውን መለስሁት። ገበያው ሁሉ ዋጋ ሊያስጨምር ነው አለ፤ ክብሬም ጨመረ።

የቀረኝ የሐኪሙ ምክር ነው፤ ክፈቱት ያለው። በድጅኖ የመኝታውን የፊት ግድግዳ በሱቁ በኩል ፈንቅዬ ቀዳዳ ከፈትሁበት፤ ከሱቁ ጣሪያ ሥርም ወደ ውጭ ሌላ ቀዳዳ አወጣሁ። ነፋሱ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ የነፋስ ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

እኛ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው በሩ ተዘግቶ ነው። ነፋስ ይመታዋል ይባላል፤ እኔም ሳምንበት ኖሬያለሁ። ጠያቂ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ቀዳዳውን ያያል። «ምነው? አንቺን ለነፋስ ሰጥቶሽ ነው?» ይላል። ቁጭ ይላል፣ ያጽናናል፤ ሲወጣ አንድ ነገር ይወትፍበታል። አንዷ የራስ ሻሿን፣ አንዱ የማዳበሪያ ጆንያ። እኔ ጠዋት እነቅላለሁ፤ እነሱ ከሰዓት ይወትፋሉ። ክፋት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ለዚህ ነው መከላከያ ያጣሁለት።

የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። ከሰማኝ ሰው ሁሉ ኩራዝ ያላነሡ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ልጄ፣ የማይታይ ነገር የእኔ ሙያ ነበር» አሉ። «ይኸኛውን ግን አላውቀውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባቴ?»

«ምን አውቅልሃለሁ። ብርዱን ግን አየዋለሁ፤ እየተንቀጠቀጠች ነው።»

እውነታቸውን ነው። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሳሏ በነፋሱ ብሶ፣ አሁን ደም ይቀላቅል ጀምሯል። የሚታየው ቀዳዳዋ ስትከፈት ይመጣል፤ የማይታየው ስትዘጋ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጆንያውን ወተፉት። እኔም ተውሁት።

ያን ቀን ማታ ባለቤቴ አስቀመጠችኝና፣ «ቀዳዳውን ዝጉልኝ» አለች። «የእኔ አልፏል። ልጅቱን ከዚህ አውጣልኝ። እህቴ ጋ ስማዳ ትሂድ።»

ልጅቱ ከበሩ ጀርባ ሰምታ ገባች። «የትም አልሄድም። ማን ያገላብጥሻል? ማን ውሃ ያቀምስሻል?»

እውነት ነበር። እኔ ሳገላብጣት ያማታል፤ የእኔ እጅ የጆንያ እጅ ነው። ልጅቱ ግን ክንዷን ከሥሯ አሳልፋ እንደ ሕፃን ታዞራታለች። እናትና ልጅ ሲከራከሩ፣ ሲያለቅሱ፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲያውስ አስለካውና ቁርጡን ንገረኝ። ንጹሕ ከሆነ ትቅር። ካልሆነ ትሄዳለች።»

የሐኪሙን ስልክ ስደውል ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኩ ዝግ ነው። መንገዱም ሲከፈትና ሲዘጋ ሰንብቶ አንድ ቀን ሲከፈት ተሳፍሬ ባሕር ዳር ወረድሁ። ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። እሱ ክፍል ያገኘኋት ሴት ሐኪም አዝና፣ «ፊዚክስ የሚያስተምር የማውቀው ሰው አለ» ብላ አገናኘችኝ። ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሰውየው ስለ ራዶን የማያውቀው ነገር የለም። ከየትኛው ድንጋይ እንደሚወለድ፣ እንዴት በስንጥቅ እንደሚወጣ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ወረቀት ሞልቶ ሥሎ አስረዳኝ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች እንኳ እንደሚለያዩ ነገረኝ፤ ስለዚህ በግምት አይሆንም፣ መለካት ብቻ ነው።

«እና መሣሪያው?»

«መሣሪያው የለኝም» አለ። «ያለው ሰውም አላውቅም።»

የሻዩን እሱ ከፈለ። በንግድ ዘመኔ ዕቃ ኖሮት ስለ ዕቃው ምንም የማያውቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ራሴም አንዱ ነኝ። ሁሉን አውቆ ዕቃው የሌለው ሰው ግን ያን ቀን አየሁ። ሁለታችንም እኩል ባዶ እጃችንን ተለያየን።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነው የመጣሁት። ልጅቱ ከእናቷ ጋር እንድትቆይ ፈልጌ ነበር። ለባለቤቴ ብዬ ነው፤ ለራሴም ብዬ ነው፤ ብቻዬን እችለው አይመስለኝም ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ እንጂ ጋዙን የረሳሁባቸው ሰዓቶችም ነበሩ።

«ለኩት?» አለችኝ ባለቤቴ ገና ከመግባቴ።

«ከግድግዳው ድንጋይ ፈልፍዬ ይዤ ሄጄ ነበር። ድንጋዩን ለኩት።»

«ምን አሉ?»

«ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው።»

ዐይኗን ሳትነቅል አየችኝ። ከፊቷ የቀረው ዐይን ብቻ ነበር።

«አንተ» አለች፣ «ይህን ፊት አውቀዋለሁ። የነቀዘ ባቄላ ስትሸጥ ነው የምታወጣው።»

ተቀመጥሁ።

«እውነቱን ንገረኝ።»

«የሚያውቅ ሰው የለም» አልኋት። «አለ የሚልም የለም፤ የለም የሚልም የለም።»

«እንግዲያስ ትሂድ» አለች።

ልጅቱን በልመና እንደማታስወጣት ታውቅ ነበር። በማግስቱ ልጅቱ ልታገላብጣት ክንዷን ስታስገባ ጮኸችባት። «እጅሽ ይከብደኛል! ሰው እንደ እንጨት አይነሣም! አባትሽ ይሻለኛል።» ልጅቱ ደነገጠች። ውሃ ስታመጣላት፣ ቀዘቀዘ፤ ስታሞቅላት፣ አቃጠለኝ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብናገር የሚፈርስ ነገር ነው፤ አልተናገርሁም። በአራተኛው ቀን ልጅቱ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ «ስማዳ ውሰደኝ» አለችኝ። እናቷን ስማ ስትወጣ ባለቤቴ ጉንጯን ሰጠቻት፣ ዐይኗን አልገለጠችም። በሩ እስኪዘጋ እንደዚያው ቆየች።

ክረምቱ ገባ። ባለቤቴን እኔ አገላበጥኋት፤ ያማት ነበር፣ አትነግረኝም። ቀዳዳው እንደተወተፈ ቀረ። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ከመፈታቱ በፊት ዐረፈች። ወደ ስማዳ ሰው ላክን፤ ወንዙ ሞልቶ መልእክተኛው ሳይሻገር አደረ። ሬሳ አይጠብቅም። ልጅቱ የደረሰችው ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ አክስቷን ደግፋ። በሩ ላይ ቆማ እንደ ሰው ጮኻ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው እስኪሸኝ ድረስ ማዕዘን ይዛ ተቀመጠች።

ሰው ሲያልቅ ፌስታሏን አንሥታ፣ «የት ልተኛ?» አለችኝ።

የኋላውን ክፍል አላሳየኋትም። ባንኮኒውን ገፍቼ ሱቁ ውስጥ አነጠፍሁላት፤ እኔም ከባንኮኒው ወዲህ ተኛሁ። ሱቁም የቆመው በዚያው አለት ላይ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ብርድ ግን ይገባበታል።

ብዙ ቆይታ፣ የተኛች መስሎኝ ሳለ፣ «አባዬ» አለች። «እጄ በጣም ይከብዳት ነበር?»

«አይከብዳትም ነበር።»

«ታዲያ?»

«እንድትሄጂ ብላ ነው። ጋዙን ፈርታ።»

ባንኮኒው መሃላችን ነው፤ ፊቷን አላየሁትም። ትንፋሿን ግን እሰማዋለሁ።

«ነበረበት?»

«አላውቅም» አልኋት።